ከመጋዘን ሳልወጣ ፈረንሳይ የገባሁ ዕለት

እኔ የምለው፣ ያቺን ስክሪን መሐል ላይ የምትሽከረከር ክብ ነገር ማን ነው የፈጠራት? ቪዲዮ እያያችሁ ልክ ወሳኙ ቦታ ላይ ስትደርሱ ብቅ ትልና ትዞራለች። ትዞራለች። ትዞራለች። እናንተም አብራችሁ ትዞራላችሁ። እኔን ይህቺ ክብ ትዳር ልታሳጣኝ ነበር። ቆይ፣ ተሳሳትኩ። ትዳር ልታሳጣኝ የነበረው የእሷ መኖር አይደለም፤ መጥፋቷ ነው። በሥርዓቱ ላውራው፤ አለዚያ እናንተም ግራ ትጋባላችሁ።

ብርሃኑ እባላለሁ። ጅቡቲ ከተማ ነው የምኖረው፤ ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ ትራንዚተር ነኝ። ትራንዚተር ማለት ከቻይና የመጣ ዕቃ አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ ወረቀቱን ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚሮጥ፣ ላቡ ከሸሚዙ አልፎ ዶሴው ላይ የሚንጠባጠብ ሰው ነው። ላኪው ባለዕቃውን አያውቀውም። ባለዕቃውም ጅቡቲን አያውቃትም። መሐል ላይ እኔ አለሁ፤ ለአንዱ ሌላውን ሆኜ እጠይቃለሁ፣ እቀበላለሁ፣ አሳልፋለሁ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ትጠቅመናለች።

ስምረትን ያገኘኋት ካርቲየ 4 የሚባል ሰፈር፣ አንዲት የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። እሷ ሆዳን ሰፈር ከአንድ የአገሬው ቤተሰብ ጋር እዚያው እያደረች ትሠራለች፤ የምትወጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። ያን ዕለት ሽሮ አዘዘችና "ቀዝቅዟል" ብላ መለሰችው። አሙቀው አመጡላት፤ "አሁን ደግሞ አርሯል" ብላ መለሰችው። ሦስተኛ ሲመጣ "ይህማ የመጀመሪያው ነው" አለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ የቀዘቀዘውንም ያረረውንም አንድ ላይ እበላ ነበር። ያኔ ነው ልቤ የሄደው። ስምንት ወር ሙሉ ዓርብን ስጠብቅ ከረምኩ። በመጨረሻ ላግባሽ አልኳት። "አባዬን ጠይቅ" አለችኝ።

አባቷ ድሬዳዋ ናቸው፤ የባቡር ጡረተኛ፣ ሙሴ ታደሰ። ድሬዳዋ ውስጥ የድሮ የባቡር ሰው ሁሉ ሙሴ ነው፤ 'አቶ' እንደ ማለት፣ ከፈረንሳይኛ የቀረ። በወጣትነታቸው ጅቡቲ ጣቢያ ሠርተዋል፤ ሙቀቱንም፣ ፈረንሳይኛውንም፣ ሰዉንም ያውቃሉ። ሊያታልላቸው የሚችል ሰው የለም። ለልጃቸው ባል የሚፈልጉት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ አይዋሽ፣ ባህር አይሻገር።

ሁለተኛዋ ነገር ምክንያት አላት። ታላቅ ልጃቸው ዮናስ ለማንም ሳይናገር በዚሁ በጅቡቲ በኩል ወደ የመን የተሻገረ ልጅ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ይኑር ይሙት አላወቁም። አሁን ተመስገን ነው፣ ሪያድ ውስጥ ደህና ሥራ ይዟል፣ ይደውላል። ሙሴ ግን ከዚያ ወዲህ "ባህር" የሚል ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል። ስምረት ለሥራ ስትመጣ እንኳ "ጅቡቲ ድረስ እሺ። ከጅቡቲ አንዲት ስንዝር ካለፍሽ ግን አባት የለሽም" ብለው ነው የላኳት።

እኔ የማልፍበት ምክንያት የለኝም። ሥራዬ ሌላውን ማሳለፍ ነው። ስለዚህ ደስ ብሎኝ አጎቴን ጋሽ ደምሴን ጠራሁ። ጋሽ ደምሴ የጅቡቲን መንገድ ሠላሳ ዓመት በከባድ መኪና የተመላለሰ፣ አፉ ከመኪናው ፍጥነት የሚቀድም ሰው ነው። ሁለት አዛውንት ይዞ ለሽምግልና ድሬዳዋ ሄደልኝ።

የስምረት ታላቅ እህት ሰናይት ደግሞ ፀጉር ቤት አላት፤ የማታሰራጨው ነገር የለም። ፀጉር ስትሠራ በቀጥታ፣ ገበያ ስትወጣ በቀጥታ። ሽምግልናውንም ለቤተሰብ ብቻ በቀጥታ አሰራጫለሁ አለች። ስልኳን መቆሚያ ላይ አድርጋ፣ ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘችው። ቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ የተመልካቾቹ ስም ይደረደራል፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ያለበት አገር ባንዲራ አለ። ሙሴ ታደሰ ባንዲራዎቹን ይወዷቸዋል። "ያ አረንጓዴው ዮናስ ነው? እሰይ። ያቺ ኮከብ ያለባት ስምረት ናት? እሰይ" ይላሉ አሉ። ልጆቻቸውን ቆጥረው እንደማሳደር ነው። እኔም ማየት እችል እንደሆነ ሰናይት ብትጠይቃቸው፣ "ይየኝ። እኔም ባንዲራውን አየዋለሁ" አሏት።

የመጀመሪያው ሽምግልና ዕለት ምን አየሁ? ጫማ። ጋሽ ደምሴ ከበሩ ሲገባ ምስሉ ጫማው ላይ ቆመ፣ ክቧ መጣች፣ በቃ። አርባ ደቂቃ የአጎቴን ግራ ጫማ አየሁ። ማሰሪያው እንዳልታሰረ አሁንም ትዝ ይለኛል። ሲያልቅ ደውዬ ምን አሉ ብለው፣ ጋሽ ደምሴ ሦስት ጊዜ ሦስት ዓይነት አድርጎ ነገረኝ። የተረፈኝ ፍሬ ነገር፣ እንደ ወጉ "ዘመድ እንማከር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ" መባሉ ብቻ ነው።

ደሜ ፈላ። የራሴን ዕጣ ፈንታ በጫማ በኩል ልከታተል? በሁለተኛው ሽምግልና የሙሴን ፊት ቁልጭ አድርጌ ካላየሁ ሰው አይደለሁም ብዬ ማልኩ።

አሁን ኢድሪስ ይምጣ። ኢድሪስ የቢሮ ባልደረባዬ ነው፣ የአገሩ ልጅ። አማርኛ የተማረው ከሾፌሮቻችን ነው፤ ስለዚህ ግማሹ ስድብ ነው፤ እሱ ግን ስድብ መሆኑን አያውቅም፣ በፍቅር ነው የሚናገረው። ስልኬን አየት አደረገና "አንተ ደደብ ወንድሜ፣ ፕሮክሲ አትጠቀምም?" አለኝ።

ምንድነው ፕሮክሲ? አልኩት። እንደሚከተለው አስረዳኝ። ኢንተርኔቱ ፍጥነት አለው፤ ቪዲዮው ወደ አንተ የሚመጣበት መንገድ ነው ዙሪያ ጥምጥም የሆነው። ስለዚህ ሌላ አገር ያለ ኮምፒውተር ትይዛለህ። እሱ በአንተ ፈንታ ቪዲዮውን ይጠይቃል፣ በአንተ ፈንታ ይቀበላል፣ ከዚያ በደህናው መንገድ ለአንተ ያቀብላል። ቪዲዮውን የሚልከው ወገን አንተን አያውቅህም፤ የሚያየው እሱን ብቻ ነው።

"እንዴ!" አልኩት፣ "ይሄማ እኔ ነኝ!"

እስቲ አስቡት። አሥር ዓመት ሙሉ ፕሮክሲ ሆኜ ኖሬ ስሙን አላውቀውም። ቆይ፣ ጋሽ ደምሴስ? በእኔ ፈንታ ድሬዳዋ ሄዶ፣ በእኔ ፈንታ ለምኖ፣ በእኔ ፈንታ መልስ የሚቀበል ማነው? ሽማግሌ እኮ ፕሮክሲ ነው! አያት ቅድመ አያቶቻችን ስማርት ስልክ ሳይኖራቸው በፕሮክሲ ሲጋቡ ኖረዋል። ይህን ለኢድሪስ ስነግረው ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ፈታን። የስልኩ መተግበሪያ የአገር ዝርዝር ያቀርባል፤ ከዚያ መምረጥ ነው። ናይሮቢን ሞከርን፤ ይጎትታል። ዱባይን ሞከርን፤ ሰው በዝቶበታል። ትራንዚተር መንገድ ሲመርጥ የሚያየው አንድ ነገር ነው፦ ወረፋ። የፈረንሳይዋ ማርሴይ ላይ ወረፋ የለም። ጠቅ አደረግኩ። ለሙከራ የባህር ዓሣ ቪዲዮ ከፈትን፣ በኤችዲ፣ በትልቁ ጥራት። ጎበዝ! የዓሣው ቅርፊት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጅቡቲ ባህር ዳር አሥር ዓመት ኖሬ ዓሣ እንደዚህ አይቼ አላውቅም። አለቃችን ሊቆጣን መጥቶ እሱም ቆሞ አየ፤ "ያ ቢጫው ምንድነው?" ሲል ሰማሁት።

እኔ ደግሞ ደስታ ብቻዬን አልችልም። ዓርብ ስምረትን አግኝቼ የእሷም ስልክ ላይ ጫንኩላት፤ ማርሴይ አድርጌ። "አንቺም አባትሽን በጥራት እያቸው" አልኳት። ግንባሬን ሳመችኝ። ያን ጊዜ ራሴን የዘመኑ ሊቅ አድርጌ ነበር የቆጠርኩት።

ልብ በሉ እንግዲህ። እኔ እንጀራ የምበላው "የመነሻ አገር" የምትል መስመር እያጣራሁ ነው። በየወረቀቱ ላይ አለች። ዕቃው ከየት ተነሳ? በማን በኩል አለፈ? ሁለቱን ያምታታ ትራንዚተር ዕቃው ታስሮ ይቀራል። ይህን ለአዲስ ገቢዎች የማስተምረው እኔ ነኝ። ሁለት ሰው በማርሴይ በኩል ሳሳልፍ ግን የመነሻ አገራችን ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ሽው እንኳ አላለኝም።

ቀኑ ደረሰ። እሑድ። ለእናንተ እሑድ ዕረፍት ይሆናል፤ ጅቡቲ ውስጥ ግን እሑድ የሳምንቱ ዋና የሥራ ቀን ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ከኢድሪስ ጋር መጋዘን ውስጥ ገብተን፣ ከጎማ ክምር ጀርባ፣ ስልኩን ካርቶን ላይ አስደግፈን ተቀመጥን። ሸሚዜን በነጭ ቀይሬያለሁ። ማንም እንደማያየኝ አውቃለሁ፣ ግን ሰው በራሱ ሽምግልና ላይ በላብ ሸሚዝ ይቀመጣል?

ምስሉ መጣ። ጥርት! የሙሴን የጺም አቆራረጥ አየሁ። የጋሽ ደምሴን ጫማ አየሁ፤ ዛሬ ታስሯል። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ቆመዋል፤ የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም ብለዋል። የሰዉ ስልክ ሁሉ ጠፍቶ መሳቢያ ውስጥ ገብቷል፤ የሙሴ ሕግ ነው፣ ሽማግሌ ፊት ስልክ አይጮህም። ሙሴ ፈገግ እያሉ ነው። ፈገግታቸውን በኤችዲ አየሁት እኮ! ኢድሪስ ጉልበቴን እየደበደበ "አበቃ፣ አገባህ፣ አንተ ውሻ" ይለኛል።

ጋሽ ደምሴ ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ። "ልጃችን ቁጥብ ነው። ከሥራው ንቅንቅ አይልም። ከጅቡቲ አንዲት እርምጃ ወጥቶ አያውቅም።"

ልክ በዚህ ጊዜ ሙሴ እንደ ልማዳቸው ልጆቻቸውን ለመቁጠር ወደ ቴሌቪዥኑ ጥግ አዩ። አረንጓዴውን አገኙ። ከዚያ ኮከብ ያለባትን ፈለጉ። ዓይናቸው ሲፈልግ ይታየኛል። ፈገግታው ቀስ እያለ ሲወርድ ይታየኛል።

"ቆይ ጋሽ ደምሴ። ሰናይት፣ ፈረንሳይ ያለው ማነው?"

"የቱ አባዬ?"

"ያ ሰማያዊ ነጭ ቀዩ። ሁለት ነው ደግሞ።"

ሰናይት ተጠግታ አነበበች። "ብርሃኑ ... እና ... ስምረት።"

ኢድሪስ ግንባሩን መታ። "ማርሴይ!" አለ።

ቤቱ ውስጥ ዝምታ ሆነ፤ ዝምታውም እንኳ በጥራት ነው የመጣው። ጋሽ ደምሴ ተደናግጦ ወደ ስክሪኑ አየ፣ ወደ ሙሴ አየ፣ ከዚያ ዝም ማለት የማይችል ሰው ነውና፣ "ሙሴ፣ ጅቡቲ ድሮ የፈረንሳይ ግዛት አልነበረች? ባንዲራው ከዚያ ተርፎ ይሆናል" አለ።

"ያ ባንዲራ ሲወርድ እዚያው ከተማ የነበርኩት እኔ ነኝ!" አሉ ሙሴ። "ለእኔ ነው የምትነግረኝ?"

ተመልካች ነኝና በድምፅ መናገር አልችልም፤ መጻፍ ግን እችላለሁ። አስተያየት መጻፊያው ላይ "ሙሴ፣ ጅቡቲ ነኝ!" ብዬ ላክሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ወጣ። ከጎኑ የፈረንሳይ ባንዲራ። "በእግዚአብሔር ስም ጅቡቲ ነኝ!" ላክሁ። ሌላ የፈረንሳይ ባንዲራ። ስምረትም ተከተለች፦ "አባዬ እኔ ሆዳን ነኝ፣ ልብስ እያጠብኩ ነው።" ባንዲራ። አንዲት አክስቷ ከጓዳ በር ላይ ሆነው "ፈረንሳይም ልብስ ይታጠባል" ሲሉ ሰማኋቸው። ቴሌቪዥኑ በሙሉ ሰማያዊ ነጭ ቀይ ሆነ።

ሙሴ ተነሱ። ድምፃቸው ዝግ ብሎ ነበር፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። "ወንድሟ ሲሻገር አንድ ቃል አልነገረኝም። ሦስት ዓመት በር ሲንኳኳ እየተነሳሁ ኖርኩ። አሁን እሷን ባህር አሻግራችሁ ስታበቁ ነው ሽማግሌ ሆናችሁ የምትመጡት? አቦ፣ ውጡልኝ።"

ዓይናቸው ውስጥ ውሃ ሞልቶ ሲዞር አየሁ። ያን ሁሉ የደከምኩለት ጥራት ያሳየኝ ይህንን ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የፈራሁት ለራሴ ነበር፤ ስምረትን ላጣ ነው ብዬ። ያን ጊዜ ግን አፈርኩ። ሰውየው የሚያምኗቸው እነዚያን ሚጢጢ ባንዲራዎች ነበር፣ እኔ ደግሞ ለዓሣ ማያ ብዬ አበላሸሁባቸው።

ፕሮክሲዬን አጠፋሁና ወደ ስምረት ደወልኩ። "አጥፊው!" አልኳት።

"ምኑን?" እያለቀሰች ነው።

"ፕሮክሲውን!"

"የት ነው የሚጠፋው? አንተ ነህ ያበራኸው! ሁለተኛ ስልኬን እንዳትነካ!"

"ግራ በኩል ያለችውን ቁልፍ ተጫኚ!"

"ብርሃኑ፣ በሳሙና እጅ አይሠራም!"

"በቀሚስሽ ጥረጊው!"

ጠረገች፣ ተጫነች። ድሬዳዋ ላይ የእኔን ተከትሎ የእሷም ባንዲራ ተለወጠ፤ ኮከብ ያላት የጅቡቲ ባንዲራ መጣች። ነገሩ ተሻለ? ምን ይሻላል! "አሁን ደግሞ ተመለሱ!" አሉ ሙሴ። "በምን መጡ? በሮኬት?" ጣታቸውን ወደ ላይ አነሱ። ሰናይት "አባዬ ቆይ፣ ሁለቱንም ስክሪኑ ላይ ላውጣቸውና ራስህ ጠይቃቸው" ስትል ሰማሁ።

ከዚያስ? ከዚያማ ክቧ መጣች።

ሙሴ ጣታቸውን እንዳነሱ ስልኬ ላይ ደርቀው ቀሩ። እኔ ግን መናገር ጀምሬያለሁ። ሙሉ ንግግር ነው ያደረግሁት፦ ምስሉ እንዲጠራልኝ ብዬ እንደሆነ፣ የትም እንዳልሄድኩ፣ ፓስፖርቴ እንኳ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ፣ ልጃቸውን የማይሆን ቦታ እንደማልወስድ፣ ስላስደነገጥኳቸው ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ እንደምጠይቅ። እውነቴን ነው፣ በሕይወቴ እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። ኢድሪስ ግማሹን ሳይገባው አለቀሰ።

ይደርስ ይሆን? መልሱስ ምንድነው? አናውቅም። የምናየው የቆመች ጣት ነው። ኢድሪስ "ጣቱ ወደ ላይ ነው፤ ወደ ላይ ጥሩ ነው" ይለኛል። "ወደ ላይ ማለት ውጡ ማለት ነው" እለዋለሁ። አምስት ደቂቃ ስለ አንዲት ጣት ተከራከርን። ድንገት ከስልኩ ውስጥ ግማሽ ሰከንድ የምትሆን የሴት ድምፅ ወጥታ ተቆረጠች። ጩኸት ነው እልልታ? በግማሽ ሰከንድ እንዴት ይለያል? ጎማው ላይ ደገፍ ብዬ ቁጭ አልኩ። በቃ፣ አልኩ። በቃ።

ስልኬ ጮኸ። ስምረት ናት። ማልቀስና መሳቅ አንድ ላይ ሆኖባት ቃል አይወጣትም። "አባዬ ከመሳቢያው ስልኩን አውጥቶ ደወለልኝ" አለችኝ።

"ምን አሉሽ?"

"'ግንባርሽን አየሁት፤ እሺ ብያለሁ' አለኝ።"

ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በማግሥቱ ነው፣ ሰናይት ቀረጻውን ስትልክልን። እስካሁን መቶ ጊዜ አይተነዋል። እኔ ቴሌቪዥኑ ላይ እንደ ወጣሁ ምስሌ ደርቋል፤ አፌ ተከፍቶ፣ አንድ ዓይኔ ተጨፍኖ፣ ጆሮዬ ያለበት ቦታ አራት ማዕዘን ነገር ሆኖ። ያ ሁሉ ንግግሬ የደረሰው "ሙሴ ... እኔ ነ ... ምስሉ ... አልሄ ... ጉልበ ..." ሆኖ ነው። ከስምረት ደግሞ የሚታየው ግንባሯ ብቻ ነው፤ ከላዩ የልብስ ማስጫ ገመድ።

ሙሴ ቴሌቪዥኑን ትክ ብለው አዩ። ተጠጉ። እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ጎኑን በመዳፋቸው መቱት። ያው ነው። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሱ ነው ብዬ ነበር መጀመሪያ ሳየው፤ እየሳቁ ነው።

"ተቀመጡ" አሉ ሽማግሌዎቹን። "ጅቡቲ ናቸው።"

"እንዴት አወቅክ አባዬ?" አለች ሰናይት።

"ስድስት ዓመት ሙሉ ከልጄ ጋር የማወራው እንደዚህ አይደል እንዴ? ከግንባሯ በስተቀር አሳይቶኝ ያውቃል? ያ ግንባር ጅቡቲ ያለ ግንባር ነው። ቅድም እኮ ያላመንኩት ለዚህ ነው፤ የፈረንሳዩ ባንዲራ ሲወጣ ጽሑፋቸው እንደ ጥይት ነበር የሚመጣው።" ከዚያ ወደ እኔ የደረቀ ፊት ዞረው ብዙ አዩኝ። "ይሄኛውም ውሸታም ቢሆን ኖሮ ይሄን መልክ ይዞ አይቀርብም ነበር" አሉ። እልልታው የዚያን ጊዜ ነው የቀለጠው። ያቺ የጓዳ በር አክስት ደግሞ "ደሞ ጨዋነቱ! ሙሴ ሲናገሩ አንዴ እንኳ አላቋረጣቸውም፣ ዓይኑን እንኳ አልነቀለም" ሲሉ ይሰማል። ጋሽ ደምሴ በበኩሉ ነገሩን ያበረደው የእሱ የባንዲራ ትንተና እንደሆነ እስከ ዛሬ ይናገራል።

እና ምን ልበላችሁ? ኤችዲ ሊያፈርሰው የነበረውን ትዳር ክቧ አቆመችው። አሁን ሳያት አልሰድባትም፤ እንደ ሚዜዬ ነው የማያት።

ተጋባን። አሁን ካርቲየ 4 ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ግን አዲስ ችግር መጣብን። ከተማው ውስጥ ኢንተርኔቱ እየተሻሻለ ሄደ፤ ያለ ፕሮክሲም ምስሉ ጥርት ብሎ ይገባል። እናንተ ደስ ይላችሁ ይሆናል። አማቴ ግን በየሳምንቱ ዓርብ ይደውላሉ፤ ፊታችን ቁልጭ ብሎ ከወጣ ወዲያው ግንባራቸው ይቋጠራል። "የት ናችሁ?" ጅቡቲ ነን ሙሴ። "እንዴት እንዲህ ጠራችሁ?" ተሻሽሎ ነው። "እህ" ይላሉ። "እህ" ካሉ በኋላ እስከሚቀጥለው ዓርብ ድረስ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ሰናይት ነገረችን።

አንጀቴን በሉት። ስለዚህ ከስምረት ጋር መላ ፈጠርን። ሲደውሉ፣ ጨዋታው መሐል ላይ፣ እኔ አፌን ከፍቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ እደርቃለሁ። ስምረትም ስልኩን ወደ ግንባሯ አዘንብላ ትደርቃለች። አሥር፣ አሥራ አምስት ሴኮንድ። ትንፋሽ የለም። ሙሴ ፊታቸው ይፈታል፤ "እሰይ፣ እዚያው ናችሁ" ይላሉ።

ያለፈው ዓርብ እንዲሁ ደርቀን ሳለን ዓመት የሞላት ልጃችን ሊያ በመሐላችን ተነሳች። ማን ያስተምራት? እጇን አውለበለበች፣ ሳቀች፣ አፍንጫዬን ያዘች፣ የእናቷን ፀጉር ጎተተች፣ ለአያቷ ጨፈረች። እኛ ወይ ፍንክች፤ ከጀመርን በኋላ እንዴት እንነቃነቅ? ሙሴ ታደሰ ትክ ብለው አዩን። አንዴ እኔን፣ አንዴ ስምረትን፣ አንዴ ሊያን። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተጣሩ።

"ሰናይት! ነይማ! እነዚህ ሁለቱ ጅቡቲ ናቸው፤ ልጅቷን ግን ብቻዋን ፈረንሳይ ልከዋታል!"